መንጠቆ ያልያዘ አሸዋው ላይ አይነዳም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 14

ይድረስ ለማከብርዎት እትዬ ዘርፌ፤

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ቅባቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በመንገደኛ ልኬያለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጃችን ናዝራዊትም ስምንተኛ ክፍልን ጨረሰች።

ወንድምዎ ንጉሡ ጂፕ ከገዛ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ነድቶ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይሄዳል፤ አሸዋው ላይ እየነዳ ዓሣ ያጠምዳል። ለዚህ ፐርሚት የሚሉት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። እንደ ሌላው ወረቀት ሁሉ ይህንንም ፎርም የሞላሁለት እኔ ነኝ፤ የእሱ ሥራ መፈረም ብቻ ነበር። ሕጉ ብዙ ነው፦ የጎማ አየር ቀንስ፣ አካፋ ያዝ፣ መንጠቆ ያልያዘ አሸዋው ላይ አይነዳም ይላል።

መንጠቆው ከነፕላስቲኩ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናውን በቫኪዩም ስጠርግ አንዲት ፍሬ አሸዋ አላገኘሁም። ንጹሕ ሰው ነው፤ ያሳደጉት እርስዎ አይደሉ? ያገኘሁት የአሌክሳንድሪያ የፓርኪንግ ወረቀት ነው። አሌክሳንድሪያ ከቤታችን ግማሽ ሰዓት የምትርቅ ከተማ ናት፤ እዚያ ያለው ደግሞ ወንዝ እንጂ ባሕር አይደለም።

ባለፈው ሳምንት «እኔም ልምጣ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ከሹፌሩ በስተቀር ሰው አይፈቀድም፤ ሕጉ ነው» አለኝ። የሕጉን አሥራ አንዱንም ገጽ አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ የሚል መስመር የለም።

እትዬ፣ በሠርጋችን ዕለት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ወንድሜ መዋሸት አይችልበትም» ብለውኝ ነበር። እውነትዎን ነው፤ ዛሬም አይችልበትም።

ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ንጉሡ ሲደውልልዎ ስለ ዓሣው ይጠይቁት፤ እኔ መጠየቅ ትቻለሁ።

አክባሪዎ እንግዳወርቅ