ከክርን በላይ ስለተሰረዘው እጅ

ለተከበሩ የማተሚያ ቤቱ ዋና አዘጋጅ፣

እንደምን ከርመዋል? ራስዎን፣ ዓይንዎን፣ ወገብዎንና ጉልበትዎን ደህና ያድርግልዎት እያልኩ ምኞቴን በአክብሮት አቀርባለሁ። የሰውን አካል አንድ በአንድ መዘርዘር እንደማይወዱ ባውቅም፣ እርስዎን የሚያህል ሰው በጅምላ ደህና ይሁኑ ብሎ ማለፉ ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

እኔ ያንን ወፍራም የሩሲያ ልብ ወለድ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመልዎት ሰው ባለቤት ነኝ። ስሙ ካልመጣልዎት፣ በቢሮዎ «ጋሼ ቅንድብ» ስትሉት የነበረው እሱ ነው። አንዲት ሴት ቅንድቧን ያነሳችው ተገርማ ይሁን ተጠራጥራ እስኪለይለት ድረስ ሥራውን ያዘገየባችሁ ጊዜ ያወጣችሁለት ስም መሆኑን ሰምተናል፤ እሱ ሳቀ፣ እኔም እሱ ስለሳቀ ሳቅኩ።

መጽሐፉ ታትሞ ደርሶኛል። ስለ ቅጥነቱ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ተኝተው ቢያነቡት እንኳ አይከብድም። ምስጋናዬ በርከት ስለሚል ግን በቁጥር ለያይቼ እንዳቀርበው ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሰማያዊው። ባለቤቴ እንዳስረዳኝ ከሆነ ሩሲያኛ ለጠቆር ያለውና ለፈካው ሰማያዊ ሁለት የተለያዩ ስሞች ሲኖሩት፣ እንግሊዝኛ ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። በልብ ወለዱ ውስጥ ያለችው የጀልባ ቀዛፊ ሚስት ዓይኗ ከፈካው ወገን ነው። ባለቤቴ ይህንን ለማትረፍ ሰፈራችን ወዳለው ጨርቅ ቤት ሄዶ ጣቃ ሲያስዘረጋ ዋለ፤ ሻጩ ለመጋረጃ ነው ወይስ ለልብስ ቢለው፣ ለዓይን ነው አለው። ማታ «ደጋግሞ የታጠበ ሰማያዊ» የሚል ሐረግ ይዞ ፊቱ በርቶ ገባ። እርስዎ «ዓይኖቿ ያምሩ ነበር» ብለው አስተካክለውታል። በሴትየዋ ስም አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ቢባልላት የምትጠላ ሴት የለችም።

ሁለተኛ፣ ስለ እጁ። ቀዛፊው ሚስቱ በጠና መታመሟን ከሐኪም ይሰማል፤ ሊነግራት ግን አይችልም። ከሐኪሙ ቤት ሲወጡ እጇን ይይዛታል፤ ደራሲው ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም። ሩሲያኛ በዚህ ነገር ከእኛው ጋር ይገጥማል፤ ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ሁሉ እጅ ነው። እንግሊዝኛ ግን የቱ ጋ እንደተያዘች ካልተነገረው ንቅንቅ አይልም።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ጠርቶ በሩ አጠገብ አቆመኝ። ነርስ ሆኜ ዕድሜዬን ስለጨረስኩ የሰው አያያዝ ታውቃለች ብሎ ያምን ነበር። አንዴ ጣቶቼን፣ አንዴ አንጓዬን፣ አንዴ ከክርኔ በላይ እየያዘ እስከ መስኮቱ ወሰደኝ፣ መለሰኝም። ጣቶቼን ሲይዘኝ እንደ እጮኛ፣ አንጓዬን ሲይዘኝ እንደ ተጠርጣሪ፣ ከክርኔ በላይ ሲይዘኝ ግን እንደ በሽተኛ እንደሚሰማኝ ነገርኩት። ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ከክርን በላይ ብሎ ጻፈ። ሴትየዋ መታመሟን ገና አታውቅም፣ የባሏ እጅ ግን ያውቃል አለኝ። እርስዎ በዚህ ቦታ «ባልና ሚስቱ ወጡ» ብለውልናል። መውጣታቸውስ እውነት ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ውድ ጊዜዎ። ረቂቁ ተቆራርጦ ሲመለስለት፣ ባለቤቴ ደረጃዎን እያረፈ ወጥቶ ቢሮዎ ድረስ መጣ፤ ያን ጊዜ ትንፋሽ ማጠር ጀምሮት ነበር። ቆሞ ሲያስረዳዎት ወንበር እንዳልቀረበለት የሰማሁት ከጸሐፊዎ እንጂ ከእሱ አይደለም። እሱ የነገረኝ ቃልዎን ብቻ ነው፤ አንባቢ፣ ሰው ምን እንዳደረገ እንጂ ምን እንደሚመስል አይጠይቅም ብለውታል። ይህንን ሲነግረኝ እንኳ ሥራ በዝቶባቸው ነው እያለ ይከላከልልዎት ነበር። ስለ እርስዎ አንድ ክፉ ቃል ሳይናገር ሞተ፤ ያንን ሥራ ለእኔ ትቶልኛል።

አራተኛውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም።

ልቡ መድከሙን ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። እንዲህ ያለውን ወሬ በስንት ቤተሰብ ፊት ቆሜ ተናግሬ አውቃለሁ፤ ለእሱ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ድካም ነው ብሏል አልኩት። በሆስፒታሉ ኮሪደር ይዤው ስንወጣ መሃል ላይ ቆመና ወደ ክንዱ ተመለከተ። እጄ ከክርኑ በላይ ነበር። አስቤ ያደረግኩት አልነበረም።

«ይቺን እኔ ተርጉሜያታለሁ እኮ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ አንዳችን ከሌላችን የምንደብቀው አልቀረም። እጄን ወደ ጣቶቹ አወረድኩ፤ እንደተያያዝን አውቶቡስ ጠበቅን። አውቶቡሱም ዘገየ፤ እንዲዘገይ ፈልጌ ነበር።

መጽሐፉ ሲወጣ እሱ አልነበረም። ሁለተኛ እትም ልታወጡ መሆኑን ስሰማ፣ ሌላው ሁሉ እንደተቆረጠ ይቅር፣ የእጁን ዓረፍተ ነገር ብቻ መልሱልኝ ብዬ ለመንኩ። ቢሮዎ ታሪኩን ወደፊት አያራምድም ሲል በትሕትና መለሰልኝ። እውነታችሁን ነው። የእኛንም ታሪክ ወደፊት አላራመደውም፤ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ነው የቀረው።

እንግዲህ ለእኛ ያሳጠሩልንን ሁሉ ፈጣሪ ለእርስዎ ያርዝምልዎት። ከጥልቅ አክብሮት፣ ከማያልቅ ምስጋናና እርስዎ ሊሰርዟቸው ከሚችሏቸው ሌሎች ብዙ ቅጽሎች ጋር፣

የተርጓሚው ሚስት

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ በመጽሐፉ ጀርባ፣ «በቅርቡ በሞት የተለየን ተርጓሚ» ከሚለው ጽሑፍ በላይ የወጣው ፎቶግራፍ የባለቤቴ አይደለም። እኚያ ሰው በሕይወት ካሉ፣ መሞታቸውን ከመጽሐፍዎ ጀርባ ከማንበባቸው በፊት ቀድመው ቢያጽናኗቸው መልካም ነው። ሰውየው መልከ መልካም ናቸው፤ ጢማቸውም ያምራል። የእኔ ባል ግን ጢም አሳድጎ አያውቅም፤ ግራ ጉንጩ ላይ፣ ምላጭ ባለፈ ቁጥር የምትደማ ትንሽ ጠባሳ ነበረችው፤ የምጠርግለትም እኔ ነበርኩ።