ከቴምብሩ ጀርባ ስለ ቀረው ጥያቄ

የካቲት ፳፬ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.
ሞጣ

ለክቡር አቶ ይግዛው
በሞጣ ከተማ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ደብዳቤ ተቀባይ፣ አዳይና ቆራጭ

ክቡር ሆይ፣

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ይልቁንም ዐይንዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። መቀስዎም በመልካም ጤንነት ላይ እንዳለ ባለፈው ሳምንት ከደረሰኝ ወረቀት ተረድቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ መስጠት ሲገባኝ ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ በመለጠፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ቴምብር ስለሌለበት ሙሉውን እንደሚያገኙት ተስፋ አለኝ። መንገደኛም ቆሞ ቢያነበው ቅር አይለኝም።

እርስዎ ነገሩን ያውቁታል፤ ለመንገደኛው ስል ግን ከሥሩ ልጀምር። የወንድሜ ልጅ ሰብለ ወንጌል፣ ወላጆቿ ከሞቱ ጀምሮ እኔ አክስቷ ያሳደግኋት፣ ቪየና በምትባል የአውሮፓ ከተማ የአዋላጅነት ትምህርት ስትማር ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። የምትጽፍልኝ፣ ሲታጠፍ ራሱ ፖስታ በሚሆን ስስ ሰማያዊ ወረቀት ነው። ቴምብሩ በውጭ በኩል ይሆንና ከጀርባው፣ በውስጥ በኩል፣ የእሷ ጽሕፈት ይኖራል። እርስዎ ደግሞ ቴምብር ይሰበስባሉ። ከቢቸና በአውቶቡስ ከሚመጣው ከረጢት ደብዳቤዬን ሲያወጡ የወደዱትን ቴምብር ቆርጠው በደብተርዎ ይለጥፉና፣ ለእኔ ሁለት ጣት በሦስት ጣት የሆነ መስኮት ያለው ወረቀት ይሰጡኛል። ነፋስ እንዲገባበት አስበው እንደሆነ እግዜር ይስጥልኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ልጅቱ ቪየና እንደ ገባች በጻፈችው ደብዳቤ፣ «ያከራየችኝ ሴትዮ ደግ ናት፤ እሑድ እሑድ ግን» ትልና መስኮቱ ይመጣል። ከመስኮቱ ወዲያ «ከዚያ ወዲህ በሬን መቆለፍ ለምጃለሁ» ይላል። ሴትዮዋ እሑድ ምን እንደምትሆን ስላላወቅሁ፣ ሦስት ወር ሙሉ ለዚህም ይሁን ለዚያ ይጠቅማል ያልሁትን ጸሎት ሁሉ ጸለይሁላት። ጸሎቴን ስላበዙልኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ/ በክረምቱ ዕረፍት ከትምህርት ጓደኞቿ ጋር በባቡር ወደ ቬኒስ ሄደች። መንገዱ ሁሉ ውሃ የሆነ ከተማ ነው አሉ። «ጀልባው ሲዞር ቀዛፊው ወደ እኔ» ብላ ጀምራ፣ ከመስኮትዎ ማዶ «ልብሴ እስኪደርቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀመጥሁ፤ ሁሉም ሳቁብኝ» ትላለች። ዋና የማታውቅ ልጅ ውሃ ውስጥ መግባቷን በዚህ ዐወቅሁ። ማን እንደ ጣላትና ማን እንዳወጣት ግን ከቴምብር ደብተርዎ በቀር የሚያውቅ የለም።

፫ኛ/ ከቬኒስ ሲመለሱ በስዊስ አገር በኩል አለፉ። ተራራ የሚወጣ ባቡር አይታለች፤ በነሐሴ በረዶ ነክታለች። ይህን ሁሉ በደኅና አነበብሁ። ከዚያ «የፍልሰታን ጾም በዚህ አገር» ትልና፣ አራት መስመር ዘልሎ «ስለዚህ ይቅር ይለኛል ብዬ አምናለሁ» ይላል። ምኑን ነው ይቅር የሚላት? ለነፍስ አባቷ ልነግርላት ሄጄ፣ የምነግራቸው አጥቼ ተመለስሁ።

ብዙ ታግሼ፣ ባለፈው ጥር ነው ቢሮዎ የመጣሁት። ከመቀመጫዎ ተነሥተው፣ ወንበር ስበው፣ በጣም በሚያምር ትሕትና እንዲህ አሉኝ፦ «እመይቴ፣ ልጅቱ በርትታለች እኮ! ኢጣሊያንና ስዊስን አሟላችልኝ። በሞቴ፣ እስፔን ይጎድለኛልና በሚቀጥለው ዕረፍት ወደዚያ ጎራ እንድትል ይጻፉላት።» ለልጄ የጉዞ ዕቅድ ማውጣትዎን አልረሳውም። ደብዳቤዎቼን ያነቡ እንደሆነም ስጠይቅዎ ፊትዎ ተለወጠ፤ «የሰው ደብዳቤ? እኔ? ነውር አይደለም እንዴ፣ እመይቴ!» አሉ። አምኜዎታለሁ። አንዲት ቃል ሳያነቡ ሃያ ቃል ይዞ መሄድ የጨዋ ልጅ ሥራ ነው።

ቤቴ ገብቼ፣ ከቴምብሩ ጀርባ ያለውን ቦታ ባዶ እንድትተወው ጻፍሁላት። ደብዳቤዬ ገና መንገድ ላይ ሳለ የእሷ አራተኛው ደረሰ። ግድግዳ ላይ ያወጣኝም እሱ ነው።

፬ኛ/ አባቴ መሪጌታ አካለ ወልድ በመርጡለ ማርያም ንባብ ሲያስተምሩኝ አንዲት ፊደል ከዘለልሁ ከመጀመሪያው መስመር ያስጀምሩኝ ነበር። ምሳ ሰዓት ደረሰ አልደረሰ አይገዳቸውም። ስለዚህ አራተኛውን ደብዳቤ እንደ ተማርሁት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሰባት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ «እምዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ያለ አንቺ ፈቃድ ግን አላደርገውም። የምለምንሽ» — መስኮት። ከመስኮቱ በኋላ፦ «እንቢ ካልሽኝ፣ ወይም መልስሽ እስከ ፋሲካ ካልደረሰኝ፣ እንዳልፈቀድሽልኝ ቆጥሬ እተወዋለሁ። ሁለተኛም አላነሣብሽም።»

ክቡር ሆይ፣ ይህቺ ልጅ ለምና አታውቅም። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ አብራኝ ስትኖር አንድ ጊዜ እንኳ «ልለምንሽ» ስትል አልሰማኋትም፤ ያስለመድኋትም እኔ ነኝ። አሁን ከስንት አገር ማዶ ተቀምጣ ለመነች፤ ልመናዋም በእርስዎ ደብተር ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተለጥፏል።

ማክሰኞ ዕለት መጥቼ ቁራጩን እንዲመልሱልኝ ስለምንዎ፣ «እመይቴ፣ ይኸ እኮ ባለ ፈረሱ ቴምብር ነው! ለማላቀቅ ሙቅ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ ከነካው ደግሞ የቪየናው ማኅተም ይደበዝዛል» አሉኝ። ለፈረሱ እንዲህ በመራራትዎ ልቤ ተነካ። የእኔ ልጅም አራት እግር ቢኖራት ኖሮ ያዝኑላት እንደነበር አልጠራጠርም።

ከተማው ግን እርስዎ የነፈጉኝን በነፃ ይሰጠኛል። የጎረቤቴ ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ «ፈረንጅ ልታገባ ነው እንጂ ሌላ ምን ያስለምናታል!» ብላ ከአሁኑ ታለቅሳለች። አስተማሪው አቶ ደምለው፣ «የለም፣ ሐኪምነት ልትማር አስባ ይሆናል፤ ስድስት ዓመት ይጨመራል» ይላል። ውበቴ የምትባለው የቤት ሠራተኛዬ ደግሞ፣ «ፀጉሯን ልትቆረጥ ይሆናል» ትላለች። ለመጀመሪያው እንቢ ማለት፣ ለሁለተኛው እሺ ማለት፣ ለሦስተኛው መቆጣት ይገባኝ ነበር። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስቱንም መጻፍ እችል እንደሆነ፣ የጽሕፈት ሰው ነዎትና ቢመክሩኝ።

እንግዲህ የምጠይቅዎ ይህ ነው። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብተርዎን ይዘው ቤቴ ይምጡልኝ። ውሃውን እኔ አሞቃለሁ። ፈረሱን ከነጋላቢው፣ ቢደበዝዝም ባይደበዝዝም፣ ለእርስዎ አስረክባለሁ፤ እኔ የምፈልገው ከኋላው ያለውን አራት መስመር ነው። ቴምብሩ የማን እንደሆነ አልከራከርዎትም። ጽሕፈቱ ግን የእኔ ነው፤ ስሜ በላዩ ነበረ።

ረጅም ዕድሜ፣ የተሳለ መቀስና የማያልቅ ሙጫ እየተመኘሁልዎ፣ በትልቁ አክብሮት እጅ የምነሣ፣ ከእያንዳንዱ ደብዳቤዋ የተረፈላትን የምታነብ ጎረቤትዎ

ወለተ ገብርኤል አካለ ወልድ

ግልባጭ፦
— ከቅዳሴ ሲወጣ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ
— ለፈረሱ፣ ለመረጃ ያህል

ማሳሰቢያ። ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ፣ የአውቶቡሱ ሾፌር ገላው ነገ ጧት በቢቸና በኩል ወደ ደጀን እንደሚወርድ ሰማሁ። ደብዳቤ ቪየና ለመድረስ አምስት ሳምንት ይፈጃል፤ ፋሲካም የቀረው አምስት ሳምንት ነው። ስለዚህ እሑድን መጠበቅ አልቻልሁም። ዝም ብል እንቢ ማለቴ ይሆናል፤ እንቢ የምለውን ሳላውቅ እንቢ ማለት ደግሞ አላስችል አለኝ። ይህቺ ልጅ እዚህ ሳለች ቢቸና ገበያ ልውረድ ስትለኝ እንኳ፣ ከማን ጋር፣ በምን፣ መቼስ ትመለሻለሽ ሳልላት ለቅቄያት አላውቅም። ዛሬ «ፈቅጃለሁ፣ ልጄ» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለገላው በእጁ ሰጠሁት። በዕድሜዬ ሳላነብ የፈረምሁት ይህ አንድ ነው። አሁን እንግዲህ በሞጣ ከተማ የፈቀድሁት ነገር ምን እንደሆነ በእጁ የያዘ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እርስዎም አያነቡትም።