የሚያፏጨው ሬዲዮ

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ጠዋት ሬዲዮውን ከፈትኩ። አራቱም መኪኖቼ አሸዋ ሊጭኑ ወጥተዋል። ጉልበቴ መሪ ካስጣለኝ ወዲህ ሥራዬ ይሄው ነው፤ ሳሎን ቁጭ ብሎ "የት ደረሳችሁ?" ማለት። ዛሬ ግን ማይኩን ተጭኜ "የት..." ከማለቴ፣ ሲጥጥጥ! ልክ ጅራቷን እንደረገጧት ድመት። ጣቴን አነሳሁ፣ ዝም። ተጫንኩ፣ ሲጥጥጥ!

የመጀመሪያውን መኪና የሚነዳው ጢሞ "አባባ፣ ማንን እያረዱ ነው?" አለ። ሌሎቹ ተንከተከቱ። ሦስተኛዋ ላይ ያለችው ልጄ ብቻ ናት ያዘነችልኝ። "አባዬ፣ ድምፅህ አይሰማም፤ ፉጨት ብቻ ነው።"

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። "ምንድን ነው የሚጮኸው?"

"ሬዲዮው።"

"እኔ ደግሞ አንተ መስለኸኝ" ብላ ተመለሰች።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ጠረጠርኩ። የስፌት ማሽኗን። ከግድግዳው ጀርባ ቀኑን ሙሉ ሲንደቀደቅ የሚውል ሞተር ሬዲዮ አያውክም? በትሕትና ጠየቅኳት። (በትሕትና ነበር... ይመስለኛል።) ለአምስት ደቂቃ ብቻ ብታቆሚው?

"ሠላሳ ዓመት በዚህ ማሽን ነው ያለበስኩህ" አለች። ግን አቆመች። ተጫንኩ። ሲጥጥጥ!

"በል እንግዲህ ማሽኔን ይቅርታ ጠይቀው።"

ጠየቅኩት። ምን ላድርግ?

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ባለቤቴ ጠዋት እህቷ ጋ ሄደች። ሬዲዮው ንጹሕ! ድምፄ እንደ ዜና አንባቢ ጠራ። ጢሞ እንኳ "አባባ፣ ዛሬ ማር ልሰዋል?" አለኝ። ዳነ አልኩ፣ በራሱ ጊዜ። ከቀትር በኋላ ተመለሰች፣ ነጠላዋን ሰቀለች፣ ጓዳዋ ገባች። ትንሽ ቆይቶ... ሲጥጥጥ!

ሴትዮዋን ይፈራታል እንዴ? እኔም እፈራታለሁ፤ ግን አላፏጭም።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ዶክተር ሽቦን አስጠራሁ። የሰፈሩን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሁሉ የሚያክም እሱ ነው። መጣ፣ ተቀመጠ፣ "እስቲ ይናገሩ ጋሼ" አለ። ተናገርኩ። ፉጨት የለም! ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርሱ እንደሚተው የጥርስ ሕመም።

ቢሆንም ፈታው። የማይኩን ገመድ አየ፣ አንቴናውን አጠበቀ፣ የመሬቱን ሽቦ ፋቀ። "ጋሼ፣ እንዲህ የሚያፏጨው ማይኩ የገዛ ድምፁን ከስፒከር መልሶ ሲሰማ ነው። ይሰማል፣ ይልካል፣ የላከውን ደግሞ ይሰማል... መጨረሻው ጩኸት ነው።"

"የሐሜት ነገር በለኛ።"

"እንደሱ ነው።"

ባለቤቴ ሻይ አመጣችልን። የእሱ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር አለ፣ የእኔ ውስጥ አንድ። ለምን? ሲወጣ በር ላይ ቆመና "ሬዲዮውን ከዚህ ግድግዳ ቢያርቁት" አለኝ።

"ግድግዳው ምን አደረገ?"

"ግድግዳም ጆሮ አለው ይባላል፣ ጋሼ።" ጥርሱን እየገለጠ ሄደ። የግቢውን በር ከመዝጋቱ... ሲጥጥጥ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ጠረጴዛውን ከግድግዳው ትንሽ ሳብ አደረግኩት። ቀነሰ፤ አልጠፋም። ገመዱ ስለማያደርስ ከዚያ ወዲያ አይሄድም።

ፉጨቱ የሚያናድደኝ ለሥራው ብቻ አይደለም። ልጄን የማገኘው በዚሁ ነው። ከእናቷ ጋር ከተነጋገሩ ሰባት ወር ሆናቸው። የቢሮ ሥራዋን ትታ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ቀን እናቷ "አባትሽን መንገድ መንገድ እያየሁ ነው ያረጀሁት። አንቺን ደግሞ አልጠብቅም" አለቻት። እሷም ልብሷን ሰብስባ ቤት ተከራየች። ሁለቱም ግትር። በማን እንደወጣች እኔ አልናገርም።

ራት ላይ "ዛሬ ሦስት ምልልስ ሠራች" እላለሁ። ባለቤቴ "ጨው አነሰው?" ትለኛለች።

እሑድ፣ ሰኔ 8

መኪኖቹ ቆመዋል። ጸጥታ። የሚያፏጨው ጉልበቴ ብቻ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

በሥርዓት ልጻፈው።

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የድልድዩ ዘበኛ ደወለ። "ጠርዙ ተንዷል! መኪኖችህን አቁም!" ሦስቱ ገና አሸዋው ጋ ናቸው። ልጄ ግን ጭና ቁልቁለቱን ጀምራለች። ገደሉ ውስጥ ስልክ አይሠራም። ያለኝ ይሄ ሬዲዮ ብቻ ነው።

ተጫንኩ። ሲጥጥጥ!

"አባዬ፣ ፉጨት ነው፤ ድገመው።"

ደገምኩ። ሲጥጥጥ! ስፒከሩን ዝቅ አደረግኩት። ማይኩን አፌ ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝ። ሲጥጥጥ!

"አልሰማህም አባዬ። ቁልቁለቱን ጨርሻለሁ፣ ወደ ድልድዩ እየታጠፍኩ ነው።"

ሬዲዮውን በጥፊ መታሁት። አዎ፣ በጥፊ። "ድልድዩ! ድልድዩ!" እያልኩ ጮህኩ፣ ማይኩን ሳልጫን እንኳ። በዚህ መሃል ከግድግዳው ጀርባ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ተጫንኩ።

ንጹሕ።

"ቁሚ! ድልድዩ ተንዷል! ቁሚ!"

ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ድረስ ቆጠርኩ።

"ቆሜያለሁ።" ድምፅዋ ቀጥኗል። "ይታየኛል አባዬ... ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።"

ዞር ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። እቅፏ ውስጥ የድሮው ሬዲዮዬ! ከሸጥኩት መኪና ላይ ፈትቼ ዕቃ ቤት የጣልኩት። ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ተለጣጥፎበታል።

"እኔ ነኝ" አለች። "የማስጮኸው እኔ ነኝ።"

ሰባት ወር በበሩ ስንጥቅ ስታዳምጥ ኖራለች። የልጇን ድምፅ። ጆሮዋ ሲደክምባት፣ ከሳምንት በፊት ሬዲዮውን ለዶክተር ሽቦ ሰጥታ አስጠገነችው፤ አንቴናውን በመጋረጃው ዘንግ ላይ አስዘረጋች፤ ሬዲዮውን ከጨርቅ ቅርጫቷ ውስጥ ቀበረችው። እኔ ስናገር የእሷ ሬዲዮ ይቀበለኛል፣ በግድግዳው በኩል ማይኬ እሱን መልሶ ይሰማል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ታጠፋዋለች። ዛሬ ልጅቷ "አልሰማህም" ስትል በሁለቱም ጆሮዋ ሰማች። ያኔ ነው ፉጨቱ ከእሷ ሬዲዮ መሆኑ የገባት፤ ቀጭ አድርጋ አጠፋችው።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ፊቷን አየሁት። ዘጋሁት።

መጥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። እጇን ዘረጋች፤ ማይኩን ሰጠኋት። አያያዙን ማሳየት አላስፈለገኝም።

"የኋላ ግራ ጎማሽ አየር ያንሰዋል ብለሽ ዓርብ ዕለት ስታወሪ ነበር። አስነፋሽው ወይስ አላስነፋሽም?"

 

"...እማዬ?"

"የተጠየቅሽውን መልሺ።"

"አስነፍቻለሁ፣ እማዬ።"

"ደግ። ስትመለሺ ቀስ እያልሽ።"

ማይኩን ቦታው አስቀመጠችው። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ብቻ ይታየኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ዶክተር ሽቦን መንገድ ላይ አገኘሁት። "ለእትዬ ቃል ገብቼ ነው፣ ጋሼ። ግድግዳውን ግን ነግሬዎታለሁ።" አሳማኝ ነው። አሁንም ተቀይሜዋለሁ።

ቤት ስገባ ወንበሬ ተይዟል። ባለቤቴ ጢሞን "አንተ፣ እዚያ መታጠፊያ ላይ ምን ያስሮጥሃል?" እያለችው ነበር። "እሺ እማማ" ይላል። እኔን አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ልጄ መኪናዋን በራችን ላይ አቆመች። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ አልጽፈውም። ባለቤቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጋቢናው ላይ ወጣች። መቀመጫውን ለካች፣ ተጫነችው፣ "ይሄ ለወገብሽ አይሆንም፤ ትራስ እሰፋልሻለሁ" አለች። ከዚያ ተደላድላ ተቀመጠች። "በይ ንጂ፣ ልየው።"

እኔም ልወጣ እግሬን አነሳሁ። "ጉልበትህን አሳርፍ። አንተ ሬዲዮው ጋ ሂድ።"

ሄድኩ። ባዶ ቤት ውስጥ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ የባለቤቴ ድምፅ መጣ፤ ከጓዳ ሳይሆን ከመንገድ፣ ከኋላው የሞተር ድምፅ እያጓራ። "ይሰማል?"

ጥርት ያለ። ማይኩን ተጫንኩ... ምንም አልወጣኝም።

"አንተ! ደግሞ ምን ነካካህ?" ከጎኗ ልጄ ስትስቅ ይሰማኛል።

"ምንም አልነካሁም" አልኩ እንደምንም። "ይሰማል። ቀጥሉ።"