የተጠባባቂው መልቀቂያ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ከሥራ መግቢያ ሰዓት በፊት
ቁጥር፦ መዝገብ ቤት እስኪሰጠው ይጠበቃል
ለተከበሩ የሰው ሀብት አስተዳደር ዋና ክፍል ኃላፊ
ጉዳዩ፦ ስድስት ዓመት የዘገየ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለወገብዎ ደግሞ ልዩ ጤና እመኛለሁ። ወገብዎን ለይቼ ያነሳሁት፣ ትናንት በርዎ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆሜ ከጠበቅኩ በኋላ፣ ጸሐፊዎ ወገብዎን ስላመመዎት ያን ዕለት ሰው እንደማያነጋግሩ ስለነገረችኝና፣ ያን ያህል ሰዓት ቆሞ የዋለ ወገብ የሌላውን ወገብ ሕመም ከማንም በላይ ስለሚረዳ ነው። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ መስጠት ያልቻልኩትም በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ ዋናው መግቢያ አጠገብ ባለው ባለመስታወት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሲያገኙት እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ሠራተኛው ሰሌዳውን አይቶ እንደሚያልፍ፣ እርስዎ ግን የራስዎን ማስታወቂያዎች በየጠዋቱ ቆመው እንደሚያነቡ ስለማውቅ፣ ከዚህ የተሻለ አድራሻ አላገኘሁም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ በሦስተኛው ፎቅ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል ለአሥራ ሰባት ዓመት ያገለገልኩ የሂሳብ ሠራተኛ ስሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱን ዓመት የሂሳብ ክፍሉ ተጠባባቂ ኃላፊ ነበርኩ። ባለፈው ሰኞ በላኩልኝ ደብዳቤ እንደገና ተጠባባቂ ኃላፊ አድርገው እንደመደቡኝ፣ ምደባው ከዚያው ዕለት ጀምሮ የጸና መሆኑን፣ መቀበል አለመቀበሌን ደግሞ እስከ ዓርብ ድረስ በጽሑፍ እንዳሳውቅ ገልጸውልኛል። አስቀድሞ ሾሞ ኋላ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት በማግኘቴ ዕድለኛ ነኝ። መልሴን ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀደም ብዬ የማቀርበውም መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅና በእርስዎ ላይ እንዲደርስ ስለማልፈልግ ነው። ጉዳዩ ግን ለእኔ የአንድ ሹመት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለአንድ ወር ያህል ሳሰላስል የከረምኩት የሂሳብ ሥራን ጨርሼ ልተወው ወይስ ልቀጥል በሚለው ነው። ስለዚህ ከመልሴ በፊት ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፦ «ተጠባባቂ» ስለሚለው ቃል አመሰግናለሁ። የቀድሞው ኃላፊ ጡረታ በወጡበት ዕለት፣ ቋሚ ሰው እስኪመደብ ለሦስት ሳምንት ያህል ቦታውን እንድይዝ ሲጠይቁኝ ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት። በቅርቡ አስተማሪዋ ስለ ወላጆቻቸው ሥራ እንዲጽፉ ብታዛቸው፣ እቤት ስለ ሥራዬ ሲወራ የምትሰማው ይህንኑ ቃል ስለሆነ፣ በትልልቅ ፊደል «አባቴ ሂሳብ ክፍልን ይጠብቃል» ብላ ጻፈች። አስተማሪዋም በቀና ልብ የጥበቃ ሠራተኛ መሆኔን ተረድታ፣ ልጆቹ የትምህርት ቤቱን በር ሲወጡና ሲገቡ ማድረግ ስላለባቸው ጥንቃቄ መጥቼ እንዳስረዳቸው በትሕትና ጋበዘችኝ። የልጄን ጽሑፍ ማረም አንጀቴ አልቻለምና ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ በር ተናገርኩ፤ አርባ ሕፃናት አፋቸውን ከፍተው አዳመጡኝ፤ ጉዳዩ ለበላይ አካል ይቅረብ ያለኝም አልነበረም። ስለ በር ይህን ያህል ማወቄን የተረዳሁት ያን ዕለት ስለሆነ፣ ያንን ዕውቀት ላካበትኩበት የቢሮዎ በር ምስጋናዬ ይድረሰው።

የመሥሪያ ቤታችን እውነተኛ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሁላችንም አለቃ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ይህን ስነግራቸው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፦ «እኔ እኮ ቋሚ ነኝ፤ ተጠባባቂው አንተ ነህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በስድስት ወራቸው ቋሚ ተብለዋል። ቋሚ የተባሉት እሳቸው በሩ ላይ ተቀምጠው ሲውሉ፣ ተጠባባቂ የተባልኩት እኔ በርዎ ላይ ቆሜ ውያለሁ። ቋንቋችን በእርስዎ እጅ ይህን ያህል ሲታደስ ሌላው ሠራተኛ ዝም ብሎ ማለፉ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛ፦ ቦታው በስድስተኛው ዓመት መጨረሻ በማስታወቂያ ስለወጣ አመሰግናለሁ። ሥራውን ከእኔ በላይ የሚያውቀው እንደሌለ ነግረውኝ የማስታወቂያውን ረቂቅ የጻፍኩት እኔ ስሆን፣ እርስዎ ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ጨመሩበት፤ እሱም አመልካቹ በኃላፊነት ቦታ ቢያንስ አምስት ዓመት የሠራ መሆን አለበት የሚል ነበር። አምስት ቢሉ ስድስት ይዤ ቀረብኩ። መራጭ ኮሚቴው ግን ተጠባባቂነት ኃላፊነት እንጂ የኃላፊነት ቦታ አለመሆኑን አስረዳኝ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስካሁን አልገባኝም፤ ጥልቅ ነገር ደግሞ ቶሎ አይገባም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ ላያውቁት ይችላሉ። በአሠራራችን መሠረት ለወደቀ የውስጥ አመልካች የሚጻፈው ደብዳቤ በሚመለከተው ክፍል ኃላፊ ተፈርሞ ነው የሚወጣው። አዲሱ ኃላፊ ሥራ ሊጀምሩ አንድ ሳምንት ይቀራቸው ነበር። ስለዚህ የራሴ የመውደቂያ ደብዳቤ «ለፊርማ» በሚለው ማኅደር ውስጥ፣ ከሁለት የዓመት ዕረፍት ጥያቄዎች ሥር፣ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ከላይ ስሜ አለ፤ ከታችም ስሜ አለ። መሃል ላይ ለወደፊቱ መልካም ዕድል ለራሴ እመኛለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ የፊደል ስሕተት አገኘሁና አስተካከልኩ። ከዚያ ፈርሜ ላክሁ፣ የደብዳቤ ማስረከቢያ ደብተሩ ላይም ፈርሜ ተቀበልኩ።

ያን ዕለት ከፋኝ፣ ክቡር ሆይ። ይህን በሽሙጥ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ማኅተሙን ስመታ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ስለነበር ጠምሞ ነው ያረፈው፤ ግልባጩ ፋይልዎ ውስጥ ስለሚገኝ ሊያዩት ይችላሉ።

ሦስተኛ (ቦታው ክፍት ሆኖ እንዳይቆይ በተጠባባቂነት የተመደበ ምስጋና)፦ ስለ ወንበሩ። የሂሳብ ክፍል ኃላፊው ወንበር፣ ያ መደገፊያ ያለው የቆዳ ወንበር፣ ለተጠባባቂ የተፈቀደ ስላልሆነ ስድስት ዓመት ሙሉ ፕላስቲክ እንደለበሰ ክፍሌ ጥግ ተቀምጦ አየኝ። የእኔ ወንበር በሁለተኛው ዓመት አንድ እግሩ ሲሰበር በጽሑፍ ብጠይቅ፣ ቋሚ ኃላፊ ሲመደብ አብሮ ይታያል ተባልኩ። ተሸክሜው ወደ ጎረቤቴ አናጢ ወሰድኩት። አናጢው ሥራ በዝቶበት ስለነበር መላጊያውን እጄ ላይ አስቀምጦ ራስህ ሞክረው አለኝ። የመጀመሪያው እግር አጠረ፣ ሁለተኛው ተሰነጠቀ፣ ሦስተኛው ቆመ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜዬን ሁሉ እዚያ ነው የማሳልፈው፤ ለልጄ ክፍል የሠራሁት አግዳሚ ወንበር እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። አናጢው አብረን እንሥራ ካለኝ ዓመት ሞላው። እዚያ ቤት የተሠራ ወንበር መቆም አለመቆሙ የሚታወቀው ሰው ሲቀመጥበት ነው፤ ኮሚቴ አይጠራም።

አዲሱ ኃላፊ በገቡበት ጠዋት ፕላስቲኩ ተነሣ። ሥራውን አራት ወር አሳየኋቸው፤ በደንብ ሲለምዱት የተሻለ ቦታ አግኝተው ሄዱ። መልካም ሰው ነበሩ፤ ሲሄዱ ፕላስቲኩን በሥርዓት አጣጥፈው አስረክበውኛል። ሰኞ ጠዋት ስገባም፣ ገና የምደባ ደብዳቤዎ እጄ ሳይደርስ ወንበሩ ፕላስቲኩን ለብሶ ጠበቀኝ። ስለ ምደባዬ መጀመሪያ የሰማሁት ከወንበሩ ነው።

አራተኛ፦ ስለ ሰጡኝ የሥራ ልምድ ማስረጃ አመሰግናለሁ። በእነዚያ አራት ወራት ሁለት መሥሪያ ቤቶች ለፈተና ጠርተውኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ማስረጃዬን አገላብጠው፣ በአሥራ ሰባት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ኃላፊ ያልሆንኩት አንድ ነገር ቢኖርብኝ ነው ብለው ጠረጠሩ። ነበርኩ ብላቸው ወረቀቱን አዞሩልኝ፤ «በሂሳብ ሠራተኛነት» ብቻ ይላል። ሁለተኛዎቹ ደግሞ ልምድ በዝቶበታል ብለው ቦታውን ለጀማሪ ሰጡት። ስለ ስድስቱ ዓመት እርስዎን ብጠይቅ ተጠባባቂነት በማስረጃ ላይ እንደማይገለጽ መለሱልኝ። እኔ እንግዲህ ትንሽ ነገር ስትጎድል እስክትገኝ ድረስ ከወንበሬ የማልነሣ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ነበር የቀጠራችሁኝ። አሁን የጎደለው ስድስት ዓመት ነው፤ የሚፈልግ ሰው ግን የለም።

ይህን ሁሉ ብዬ ሳበቃ ሂሳብን የጠላሁ እንዳይመስልዎት። እወደዋለሁ። ወር ሙሉ ሲጣሉ የከረሙ ሁለት ዓምዶች መጨረሻ ላይ ሲስማሙ ለብቻዬ ያንጎራጎርኩበት ቀን ብዙ ነው። የሙያውን ፈተና ለማለፍ የደከምኩትን፣ አንድ ጊዜ ወድቄ ሁለተኛ የተቀመጥኩበትን አልረሳም። አሥራ ሰባት ዓመት እንደ አሮጌ ጫማ በር ላይ አውልቀው የሚገቡበት ነገር አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ከሀ ብሎ መጀመርም ያስፈራል። ከእርስዎም ይልቅ የፈራሁት ታላቅ እህቴን ነው። እኔ እንድማር ብላ እሷ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ልብስ ስፌት ገባች፤ የምረቃ ፎቶዬ ዛሬም ከስፌት መኪናዋ በላይ ተሰቅሏል። የአናጢውን ነገር ሳነሣባት፣ ያን ሁሉ ተምሬ መጋዝ ልይዝ መሆኔን ጠይቃኝ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ማክሰኞ ዕለት ሁለቱን ደብዳቤዎች፣ የመውደቂያዬንና የሰኞውን፣ ይዤላት ሄድኩ። መነጽሯን አድርጋ ቀስ ብላ አነበበች። የመጀመሪያው ላይ ጣቷ ፊርማው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። የአንተ ፊርማ አይደለም ወይ አለችኝ፤ ነው አልኳት። ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችና፦

«እኔ ያስተማርኩህ እንድትሠራ ነው፤ እንድትጠብቅ አይደለም» አለችኝ።

ከዚያም የፎቶው ፍሬም ስለላላ አዲስ እንድሠራላት አዘዘችኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ መልሴ ይህ ነው፦ ምደባውን አልቀበልም፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚታሰብ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ከመሥሪያ ቤቱ እለቃለሁ። ሂሳብን ለዘለዓለም ትቼው እንደሆነ አላውቅም፤ የአናጢውን የትዕዛዝ ደብተር አይቼዋለሁና ሙያው እዚያም የሚያሳድደኝ ይመስለኛል። የክፍል ኃላፊ ሲለቅ የሦስት ወር፣ ሌላው ሠራተኛ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ መመሪያው ላይ ይገኛል። እኔ አንድም ቀን በኃላፊነት ቦታ ላይ እንዳልነበርኩ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ስላረጋገጠልኝ የሚመለከተኝ አንዱ ወር ነው። ውሳኔው ይህን ያህል ይጠቅመኛል ብዬ በወቅቱ አልገመትኩም ነበር፤ ማኩረፌን ይቅር ይበሉኝ።

ለወገብዎ ፈጣን ምሕረትን፣ ለበርዎ አዲስ ቋሚ ሰው እየተመኘሁ፣ መልስዎን እየጠበቅሁ ሳይሆን እየሠራሁ እንደምቆይ በጥልቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ከሰኞ እስከ ዛሬ የሂሳብ ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
– ሰሌዳውን በቁልፋቸው ለከፈቱልኝ ለአለቃ፣ ዋናው በር
– ለልጄ አስተማሪ፣ ሥራዬ መለወጡን እንዲያውቁት
– ስድስት ዓመት ለጎደለው የግል ማኅደሬ

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ማንኛውም የመልቀቂያ ጥያቄ በሚመለከተው ክፍል ኃላፊ ካልጸደቀ ተቀባይነት እንደሌለው አውቃለሁ። ቋሚ ኃላፊ ስለሌለ ጉዳዩ የቀረበው፣ በሰኞው ደብዳቤዎ መሠረት ከሰኞ ጀምሮ ሥልጣኑ ለጸናለት ተጠባባቂ ኃላፊ ነው። እሱም ጥያቄውን በጥሞና መርምሮ፣ አመልካቹንም በርካታ ዓመት በቅርብ የሚያውቀው በመሆኑ፣ በሦስት ቀን የሥልጣን ዘመኑ ብቸኛ ውሳኔውን አሳልፎ አጽድቆታል። የተፈረመበት ወረቀት ከዚህ ጋር ተያይዟል። ማኅተሙ በዚህኛው ላይ ቀጥ ብሎ ነው ያረፈው።