ጎርፍ የሚነግር ደወል

ሰኞ፣ ነሐሴ መግቢያ

ነቀልኳት። ባለ ሦስት እግሯን ትራንዚስተር ከጎረቤታችን ከእትዬ ፋጡማ ራዲዮ አውጥቼ፣ ጥጥ አልብሼ፣ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ደበቅኳት። ልጠግነው የሰጡኝ ራዲዮ የተበጠሰበት አንዲት ቀጭን ሽቦ ብቻ ነበረች። ጠዋት ቀጥያት ተናግሮ ነበር። ከዚያ አጠፋሁትና መልሼ ፈታሁት።

ለምሠራው የጎርፍ ደወል የጎደለችው እሷ ብቻ ነበረች። ሌላውን ሁሉ አጎቴ ሁሴን ደሴ ሲሄድ በተወልኝ ሳጥን ውስጥ አግኝቻለሁ፤ የስልክ ሽቦ፣ ትንሽ ደወል፣ ከሰል ላይ የሚግል መበየጃ። ሁለቱ የሽቦ ጫፎች በደረቀው ወንዝ ውስጥ ይቀመጣሉ። ውሃ ሲነካቸው አባቴ ጎጆ ውስጥ ያለው ደወል ይጮሃል። ደጋው ሲዘንብ ጎርፉ እኛ ጋ የሚደርሰው ሳይታሰብ ነው። ወደ ማሳው ካልጠለፉት ያልፋል፤ ማሽላው ይደርቃል። አባቴ ከነሳሉ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ነው የሚያነጋው።

እትዬ ፋጡማ ማታ መጡ። "ዘይነባዬ፣ ተናገረልሽ?"

"ዕቃ ይፈልጋል። ከደሴ እስኪመጣ ነው።"

ዓይናቸውን አላየሁም። የማንንም ዓይን ስለማላይ አልጠረጠሩኝም።

ልጃቸው ሰዒድ ወታደር ነው። ከሄደ ወሬው የለም። ማታ ማታ ወታደሮች ለቤተሰብ ሰላምታ ሲልኩ፣ እሳቸው ጆሯቸውን ራዲዮው ላይ ለጥፈው ነው የሚያመሹት።

ማክሰኞ

ቀን ጣሳ ውስጥ ውሃ አድርጌ ሽቦዎቹን ነከርኳቸው፤ ጮኸ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ማታ ለአባቴ ላሳየው ብል ጭጭ። ያለቁ የራዲዮ ባትሪ ድንጋዮች ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነበር የተጠቀምኩት። ሲሞቁ ነፍስ ይዘራሉ፣ ሲመሽ ይሞታሉ። ይህን እያወቅሁ ረሳሁት።

የእትዬ ፋጡማ ድንጋዮች አዲስ ናቸው። ልጃቸው እንዳያመልጣቸው ብለው የገዟቸው። እነሱንም ወሰድኳቸው። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ሁለተኛው አልከበደኝም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ሐሙስ

ትናንት ጠዋት ሽቦዎቹን ወንዙ ውስጥ ዘረጋሁ፤ አመሻሹ ላይ ደወሉ ጮኸ። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ማንም ጎርፍ አልጠበቀም። አባቴ አካፋውን ይዞ ሮጠ፣ ጎረቤቶቹም ተከተሉት፤ ጠለፉት። የእኛ ማሳ ጠጣ፣ ከሥር ያለው የእትዬ ፋጡማም ጠጣ።

ዛሬ አንዱ ጎረቤት አባቴን፣ "ልጅህ ጎርፍ ትጠራለች አሉ። እንግዲህ ስትድራት ጥሎሹ ውሃ ነው" አለው። ሁሉም ሳቁ። እኔ ጓሮ ገባሁ።

እትዬ ፋጡማ ተከትለውኝ መጡ። "አላህ ያሳድግሽ፣ ማሳዬን አዳንሽልኝ" ብለው ጭንቅላቴን ሳሙኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ዕቃው አልመጣም አይደል?"

"አልመጣም።"

"አብሽሪ፣ ይመጣል።"

የሳሙኝ ቦታ ያቃጥለኛል።

ዓርብ

ከጎብዬ የመጣ ነጋዴ ገበያ ላይ ሲያወራ ሰማሁ። በዚህ ሳምንት አንድ የእኛው የቆቦ ልጅ በራዲዮ እናቱን ሰላም አለ፤ ስሙ ሰዒድ ነው ይላል። የማን ልጅ ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ቆቦ ውስጥ ስንት ሰዒድ አለ።

ቤት ስገባ ደወሉን ፈታሁ። መበየጃው እንዳያቃጥላት የትራንዚስተሯን እግር በጉጠት ይዤ፣ ከድንጋዮቹ ጋር ወደ ራዲዮው መለስኳት። መጀመሪያ ፉጨት ብቻ ነበር፤ ቆይቶ የሰው ድምፅ መጣ።

አባቴ፣ "ደወሉስ?" አለኝ።

"ዕቃው የሰው ነበር።"

ትንሽ አየኝ። "እንግዲያው እኔ አለሁ" አለና ጋቢውን ይዞ፣ እየሳለ ወደ ወንዙ ወረደ።

ቅዳሜ

ራዲዮውን ወስጄ አስቀመጥኩላቸው። ዕቃው መጣ ልል ነበር። ግን ከአፌ ሌላ ወጣ፤ ትራንዚስተሯን፣ ድንጋዮቹን፣ የጎብዬውን ነጋዴ፣ ሁሉንም መሬት መሬት እያየሁ ተናገርኩ።

"ማሳዬን ያጠጣው የገዛ ራዲዮዬ ነዋ" አሉ። እየቀለዱ ይሁን አላወቅሁም።

"ሰዒድ ተናግሮ ከሆነስ?" አልኳቸው።

"ተናግሮ ከሆነ በሕይወት አለ ማለት ነው።" ራዲዮውን በነጠላቸው ጠረጉ። "እኔ ግን ድምፁን ነበር የፈለግሁት፣ ዘይነባ።"

ዘይነባዬ አላሉኝም።

ልወጣ ስል ራዲዮውን ከፈቱት። "ቁጭ በይ" አሉኝ፤ "ማታ ማታ እየመጣሽ አብረሽኝ ትሰሚያለሽ።"

ቅጣት ይሁን ይቅርታ አልጠየቅሁም። ተቀመጥኩ። የብዙ ልጆች ስም ተጠራ። የእሳቸው ልጅ አልተጠራም። ነገም እሄዳለሁ።