ከጨረር ሕክምና በኋላ ላልተነገረኝ ነገር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ዶክተር ሊዮናርድ ዊትሎክ፣
የዋራንዳ ክሪክ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ፤ ሙሉ ጤና ማለቴ ነው፣ ከወገብ በታች ያለውንም ጨምሮ።

እኔ የሸንኮራ አገዳ ገበሬው የዳሪል ሚስት፣ የማኅፀን በር ካንሰሬን በጨረር ያዳኑልኝ ኖሬል ታሊስ ነኝ። ስለ ሕይወቴ ከልብ አመሰግናለሁ። የቀረውን ምስጋናዬን ግን በተራ ቁጥር ባቀርብልዎ ይሻላል።

፩. ሕክምናው ባለቀ ዕለት፣ ከባለቤቴ ጋር መቼ መተኛት እንደምንችል ስጠይቅዎ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ «አንቺ ደግሞ! በሕይወት መኖርሽ አይበቃሽም?» ብለው ስላሳፈሩኝ አመሰግናለሁ። ጎረቤታችን ክላይቭ ከፕሮስቴት ሕክምናው ሲወጣ ሳይጠይቅዎ ለመኝታ ጉዳይ ኪኒንም ምክርም እንደ ሰጡት ሲያጫውተን፣ ክፍልዎ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አያውቅም ብዬ በከንቱ እንዳማሁዎ ገባኝ።

፪. ጨረር ብልትን እንደሚያደርቅና እንደሚያጠብ፣ ጠባሳው ሳይጠና በማስፊያ መሣሪያና በማለስለሻ ቅባት መከላከል እንደሚቻል ስላልነገሩኝ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ስንሞክር ጮህኩ። ዳሪል በማግስቱ አልጋውን ወደ በረንዳው አወጣ። እኔ በልቤ ተጸየፈኝ አልኩ፤ እሱ በልቡ ጎዳኋት አለ፤ የዝናቡን ወራት በሙሉ በዚህ አሳለፍነው። በመጨረሻ ጨክኜ «አስጠላሁህ እንዴ?» አልኩት። «ኧረ ተይ እባክሽ! ያንን ጩኸትሽን ዳግመኛ ከምሰማ እጄን የአገዳ ማጨጃው ማሽን ቢበላው ይሻለኛል» አለኝና ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ካንሰሩ ሲነገረን ያላለቀሰ ሰው ነው።

፫. ለክትትል ስመጣ ወጣቷ ሐኪምዎ የመመርመሪያውን መሣሪያ ማስገባት አቅቷት «ምነው ቀደም ብለሽ ሳትናገሪ?» ብላ ስለ ተቆጣችኝም አመሰግናለሁ። ካንሰሩ ተመልሶ እንደ ሆነ ለማየት አሁን ማደንዘዣ ያስፈልገኛል።

ብሪዝበን ከተማ ሄጄ ያገኘኋት ነርስ ማስፊያውን ሰጥታኝ «ትንሽ ይረዳሻል የኔ እመቤት፤ የሄደውን ሁሉ ግን አይመልስም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አልመለሰም። ዳሪል ግን ወደ መኝታ ቤታችን ተመልሷል። እጅ ለእጅ ተያይዘን እንተኛለን፤ ከዚያ አናልፍም።

የዝምታዎን ጠባሳ እስከ መቃብር በአደራ የተረከብኩ፣ ባለዕዳዎና ትሑት ታካሚዎ፣
ኖሬል ታሊስ

ማስታወሻ፦ ሰኞ እርስዎ ዘንድ ጨረር የምትጀምረው የሃያ ስድስት ዓመቷ ብሪዮኒ የእህቴ ልጅ ናት። እርስዎ የሚያፍሩበትን ሁሉ አንድ በአንድ ነግሬያታለሁ። ስትጠይቅዎ ከአጠገቧ እቀመጣለሁ፤ እኔ ማፈር ትቻለሁ።