የዘንዶዋ ለቅሶ በለሚ ኩራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ማታ

በከባድ ሐዘን የሚነገር ዜና። ጋሽ መኩሪያ መጽሐፋቸውን ከፊልማችን ሊነጥቁ መሆናቸው ዛሬ ከቀትር በኋላ ተረጋግጧል። ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ ይድረስ። አንቺም ደብተር ሆይ፣ ጥቁርሽን ልበሺ።

ከዚያ ውጪ ደህና ነው። ጠዋት ዘንዶ ሆንኩ። ምሳ በላሁ። ከሰዓት ዘንዶ ሆንኩ። ፊተኛው ግማሽ እኔ፣ ኋለኛው አቡሽ። አሥረኛ ክፍል አብረን ወድቀን፣ አሁን አንድ ቆዳ ውስጥ አብረን ያልበናል። እማዬ ለጎረቤት "ቢሮ ገብታለች" ነው የምትለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጋ/መ መጽሐፍ (እንዲህ አሳጥሬ ነው የምጽፋቸው፣ የድሮ አስተማሪ ናቸው፣ ቢያዩኝ ጆሮዬን ነው የሚይዙት) ዘንዶዋ ምንጭ ጠባቂ ናት። ንጉሡ ያስገድላታል፣ ምንጩ ይደርቃል፣ ያኔ አገር ሙሉ ወጥቶ ያለቅሳታል። ስድስት ክፍል ካለው ፊልማችን የመጀመሪያው በዚህ ያልቃል። ዳይሬክተራችን ሰናይት ግን አገር የላትም። ያላት ዘበኛው፣ ሾፌሩና ወጥ ሠሪዋ ናቸው። ስለዚህ ለቅሶው ይቅር አለች።

ጋ/መ ከሲኤምሲ ድረስ በሚኒባስ መጡ። ሳይቀመጡ "ለቅሶዋን ከቀማችኋት መጽሐፌን አምጡ" አሉ። ረቡዕ ጠዋት ተመልሰው ያያሉ። አገር ካላለቀሰ፣ በቃ፣ ቻው።

ያኔ እኔ ወደ አክስቴ ሱቅ ነኝ፤ አትላስ፣ የስልክ ሽፋን ልሸጥ። ሰናይት ግን ወዴት እንደምትሄድ እንጃ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄንን ብቻ ነው የምታስበው። መኪናዋን እንኳ ለዚሁ ነው የሸጠችው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዝናብ። በጥቅምት! ዘንዶዋ እንዳትርስ ሰናይት ድንኳን አስተከለች፣ እዚያው ለሚ ኩራ፣ ካላለቁት ኮንዶሚኒየሞች መሀል ሜዳው ላይ። አግዳሚ ወንበሮችም አብረው መጡ። ሥዕል የሚቀባው ልጅ የዘንዶዋን ቅርፊት አድሶ፣ ቀለሙ አቧራ እንዳይነካው ነጭ አቡጀዲ አለበሳት።

ሰናይት ቀኑን ሙሉ ሰው ስትለምን ዋለች። የድራማ ተማሪዎቹ ፈተና አለብን አሉ። የአቡሽ የሰፈር ልጆች ይመጣሉ ተባለ፣ ኳስ አለ ብለው ቀሩ። እኔ ለሦስቱም ሰራተኞች ሽንኩርት እናድላቸው፣ እንደ ሠላሳ ያለቅሳሉ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። አልሳቀችም። በኋላ ከድንኳኑ ጀርባ ስታለቅስ አየኋት። ሌላ ቀልድ አላመጣሁም። ደብተር፣ እኔ ቀልድ ስተው ነገሩ ከባድ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከሰዓት

ቁጭ በይ። ሳልስቅ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ገና ሳይነጋ ደረስን፣ እኔና አቡሽ። ሰናይት የለችም። አቡሽ ጭራው ውስጥ ገብቶ ተኛ። ጠራሁት፣ ረገጥኩት፣ የለም። የንጉሡ አዋጅ ነጋሪ የሚነፋው ረጅም የቆርቆሮ ጡሩምባ እዚያው ተቀምጧል። አንስቼ ጆሮው ላይ ነፋሁት። ገለበጥ አለ። ደግሜ ነፋሁ፣ ረዘም አድርጌ። ሦስተኛ ጊዜ ሳንባዬ እስኪወጣ። አቡሽ ተሳድቦ ወጣ፣ ፊቱን ሊታጠብ ሄደ።

ሲመለስ ላስደነግጠው አሰብኩ። ቆዳው ውስጥ ገባሁ፣ የዘንዶዋን ራስ አጠለቅሁ፣ አቡጀዲውን ተከናንቤ ድንኳኑ መሀል ተጋደምኩ። ጠበቅሁ።

ሰው ገባ። አቡሽ አይደለም። ቀስ ያለ እርምጃ። ሌላም ገባ። በቀዳዳ ሳይ ሴቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ወንዶች፣ ጋቢ ለብሰው። ተቀመጡ። ማንም አይናገርም። በቃ ሰናይት አገር አገኘች ብዬ ደስ አለኝ! ሥራቸው ደግሞ እንዴት ያምራል፣ አንዷ ከወዲሁ ትንሰቀሰቃለች። እኔም ባለሙያ ነኝ፣ ጭራሽ ሞትኩላቸው።

ከዚያ ከጎኔ አንዷ ለሌላዋ በሹክሹክታ፣ "ጡሩምባው ባይነፋ እኮ አንሰማም ነበር።"

ያኔ ገባኝ። የእድር ጡሩምባ። በማለዳ ሦስት ጊዜ። ከጎኑ ድንኳን። ደብተርዬ፣ ሰፈሩን በሙሉ ለቅሶ ጠርቼዋለሁ!

ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ ደግሞ የለም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ሞተ ይባላል እንዴ? ነውር ነው። ሁሉም ጎኑ ያለው ያውቃል ብሎ ያስባል። እንዴት ይረዝማሉ አለች አንዷ፤ ብሎክ አሥር ያሉት ሰውዬ መሆን አለባቸው ተባለ። አቡሽ ፎጣ ይዞ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ቀልቶ ሲገባ የሟች ልጅ አደረጉት። እየተነሱ አቀፉት፣ "አይዞህ የኔ ልጅ"። ጅሉ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አለቀሰ! ከልቡ!

ጋ/መ ገቡ። እሳቸውም አልጠየቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥግ ላይ ተቀመጡ፣ መሐረብ አወጡ። (ኋላ ሲነግሩን የሞተው ዘበኛው መስሏቸው ነው።) መጨረሻ ሰናይት ሮጣ ገባች። አንድ ሰው ሞቶብኛል ብላ፣ "ማን ነው? ንገሩኝ፣ ማን ነው?" ጮኸች።

ያኔ ነው አባባ ሽፈራው የገቡት። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ። የራሳቸውን ጡሩምባ በብብታቸው ይዘው፣ ተቆጥተው። "ማነው ያለ እኔ የነፋው? በዚህ ሰፈር ያለ እኔ ሰው አይሞትም!"

ሳቄ አመለጠኝ። አቡጀዲው ተንሸራተተ። የዘንዶዋ ራስ ቀና አለ።

በስመ አብ የሚል ጩኸት፣ አግዳሚው ተገለባበጠ፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ በድንኳኑ ሥር ሾልከው ወጡ። ራሱን አውልቄ "እኔ ነኝ፣ ቃልኪዳን ነኝ!" እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል።

ጩኸቱ ሲበርድ ሁሉም ከበቡኝ። እሱ ይብሳል። የእድሩ ዳኛ እትዬ አስካለ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከሥራ ያስቀረሽው ሰው ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ አሉኝ። ሰናይት ይቅርታ ትላለች። ፊልሙ እዚያች ቅጽበት እንዳለቀ ታወቀኝ፣ ያውም በእኔ።

ጋ/መ ተነሱ። እንደ ክፍል ተማሪ አስቀመጧቸው። ሬሳው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ ብለው የዘንዶዋን ታሪክ ተረኩ፣ አጭር አድርገው። ምንጩን እንዴት እንደጠበቀች፣ እንዴት እንደተገደለች፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ እንደጠፋ።

እትዬ አስካለ አሰብ አደረጉ። "ውሃ ጠብቃ ነው የሞተችው?"

"አዎ።"

"እኛ ውሃ ከጠፋብን ሳምንታችን ነው። እቺማ ትለቀስ እንጂ!"

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። ከዚያ ቁጭ ብለው አለቀሷት፣ ደብተር፣ ሰናይት ካሜራ አስነስታ። አንዷ "አንቺ ጄሪካኔን የምትሞዪልኝ" ብላ ደረት መታች። ጋ/መ ከካሜራው ኋላ ቆመው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ይሄኛው እንባ ለዘበኛው አልነበረም።

ቅጣቴ፦ ሰፈሩ ውስጥ በሚመጣው ለቅሶ ሁሉ የእድሩን ወንበር የምሸከመው እኔ ነኝ። አባባ ሽፈራው ደግሞ ፊልሙ ላይ የንጉሡ አዋጅ ነጋሪ ካልሆንኩ አሉ። ሆኑ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

እረፍት። እንቅልፍ። እማዬ ቢሮ የለም ወይ አለችኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሰናይት የተቀናበረውን ለቅሶ አሳየችን። ያ ሁሉ ጉድ አንድ ደቂቃ አይሞላም! ግማሹ ሰው ካሜራውን እያየ ስለሆነ ወጥቷል፣ አንዲት እናት ጭራሽ እጃቸውን ያውለበልባሉ። የቀረው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ያሳምማል። ሰናይት በዓመቱ ሳቀች።

ጋ/መም ነበሩ። ሁለተኛው ክፍል ይቀጥል አሉ። ስንወጣ ሚኒባስ ድረስ ሸኘኋቸው፣ ጋሼ እውነት መጽሐፉን ሊወስዱብን ነበር ወይ አልኳቸው። ኧረ የት አባቴ አደርገዋለሁ አሉ። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ሰው ደውሎ "እንዴት ዋሉ፣ ዘንዶዋ እንዲህ ሆነች" ያላቸው አልነበረም። ተናደው ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስለዚህ የሰኞውን ከባድ ዜና አነሳለሁ። ማንም አልሞተም፣ ምንም አልተነጠቀም። ያሉት ስልክ ሳይደወልላቸው የቀሩ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ከአሁን ወዲያ የምደውለው እኔ ነኝ፣ ወስኛለሁ።

አሁን ደወልኩ። አያነሱም። ገና ሚኒባስ ውስጥ ይሆናሉ፤ ማታ እደግማለሁ።